በቀጠና ስድስት የሚጠበቁ አስራ ዘጠኝ ልደቶች

በ2071 ዓ.ም. ጅማ ውስጥ፣ ቀጠና ስድስት በሚባለው ሰፈር፣ የግቢ በሮች በየቀኑ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ቅጠል ይቆጥሩ ነበር። ከበሩ ጉበን ላይ የተሰካችው ትንሽ ዐይን አትክልቱን ከጥግ እስከ ጥግ ታይና ቅጠሉ ሁሉ ሙሉ ከሆነ አረንጓዴ፣ የተቀደደ ወይም የተበላ ካገኘች ቀይ ታበራለች። ሰው ፊቱን ሳይታጠብ ብቅ ይልና መብራቱን አይቶ ይመለሳል። አረንጓዴ ነው፤ ሁልጊዜም አረንጓዴ ነው። በከተማው ውስጥ ቅጠል የሚበላ ነገር ከጠፋ ሃያ ስድስት ዓመት አልፎታል። ለየግቢው የተፈቀዱት ሦስት ተክሎች፣ ማለትም ሣሩ፣ ሐምራዊው ቅጠልና እሾህ የሌለው ጽጌረዳ፣ ተቆጥረው ይመጣሉ፤ ሲያረጁም ተቆጥረው ይመለሳሉ።

ሀሴት በዚህ ሰፈር ብቻዋን የምትኖር የስድሳ ሁለት ዓመት ጡረተኛ ነበረች። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራችው ንብ ነጂ ሆና ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የአቮካዶ እርሻ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ተቀምጣ፣ አራት ሺህ ሰው ሠራሽ ንቦችን ጠዋት ሁለት ሰዓት ታስነሳለች፣ ከአበባ አበባ ታዞራለች፣ አስር ሰዓት ሲሆን ሰብስባ ትቆልፍባቸዋለች። በሥራዋ የተመሰገነች ነበረች። ጡረታ ስትወጣ አንዷን ንብ በመስታወት ሣጥን አድርገው ሸለሟት። ሣጥኑን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጠችው፤ ሳምንት ሳይሞላ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው። ሐዋሳ ለምትኖረው ልጇ በስልክ፣ "ሳያት ሥራ የገባሁ ይመስለኛል" አለቻት።

ነገሩ የጀመረው የጡረተኞች ማኅበር አባላቱን ከጅማ ወጣ ብሎ ወዳለው በለጠ ጫካ ለሽርሽር ይዞ የሄደ ዕለት ነው። ጎብኚዎቹ ጫማቸው መሬት እንዳይነካ በተሠራው የእንጨት መንገድ ላይ በሰልፍ እየሄዱ ሳለ፣ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ነገር በሀሴት አፍንጫ ሥር ውልብ ብሎ አለፈ። ሀሴት በደመ ነፍስ አንገቷን ሰበር አደረገች።

"የማን ናት?" አለች ደንግጣ። "ማነው የሚነዳት?"

የጫካው ጠባቂ ዘሀራ አርባ ዓመት ገደማ የሆናት ሳቂታ ሴት ነበረች። ሆዷን ይዛ ሳቀች።

"ማንም አይነዳትም፣ እትዬ። ራሷ ናት የምትሄደው።"

ቢራቢሮ ነበረች። ሀሴት ቢራቢሮ ያየችው በሰባት ዓመቷ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሥዕሏን በፊደል ገበታ ላይ ብቻ ነው የምታውቀው። ሌሎቹ ጎብኚዎች ወደ አውቶቡሱ ሲመለሱ እሷ ዘሀራ አጠገብ ቀረች።

"ቤቴ ጽጌረዳ አለኝ" አለች። "ብትመጣ ደስ ይለኛል።"

"የእናንተ ጽጌረዳ ምን አለውና! ደግሞ አበባ ብቻ ከሆነ ጠጥታ ትሄዳለች እንጂ አትቆይም። እንድትቆይ ከፈለጉ ልጆቿ የሚበሉትን ይትከሉላት።"

ዘሀራ ከመንገዱ ወረደችና ከአንድ ዛፍ ላይ የተጠመጠመ ቀጭን ሐረግ ቀነጠሰች። ከተቆረጠበት ነጭ ወተት ወጣ። "አያቶቻችን ጥቁር ሐረግ ይሉታል። የዚያች ቢራቢሮ ልጆች ከዚህ ሌላ አይበሉም።" ሦስት ቁራጭ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችና፣ ለሽታው ብላ አንድ የጠምበለል ችግኝ ጨምራ ሰጠቻት።

"ክልክል አይደለም?"

"ከጫካው ማውጣት ክልክል አይደለም። ከተማ ማስገባቱ ነው ክልክሉ። እኔ እስከ ጫካው ድረስ ነው ሥራዬ።"

ሀሴት ቁራጮቹን በጃኬቷ ውስጥ ደብቃ ገባች። በሕይወቷ ሕግ ስትጥስ የመጀመሪያዋ ስለነበር፣ ከተከለቻቸው በኋላ እጇን ሦስት ጊዜ ታጠበች። የተከለችው የበሩ ዐይን በማያይበት ቦታ፣ ከውሃው ሮቶ ጀርባ ነው። አንዱ በሰበሰ፣ አንዱ ደረቀ፣ ሦስተኛው ያዘ። ክረምቱ ሲገባ ሮቶውን ዞሮ ወጣ፤ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ከጎረቤት ጋር የሚያዋስናት አጥር አናት ላይ ደረሰ። ጠምበለሉም ከጎኑ ነጭ አበባ አወጣ። ሀሴት በየቀኑ ከቁርስ በኋላ አንድ አሮጌ ጀሪካን ገልብጣ ትቀመጥበትና ትጠብቃለች። አንድ ዓመት ሙሉ ማንም አልመጣም።

በሁለተኛው ዓመት፣ መስከረም ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው፣ አንዲት ቢራቢሮ መጣች። ጥቁር፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለባት። ጠምበለሉ ላይ ቆይታ ጠጣች፤ ከዚያ ወደ ሐረጉ ተሻግራ ጭራዋን እያጎነበሰች ከቅጠሎቹ ሥር አንድ በአንድ እንቁላል ጣለች። እንቁላሎቹ ከሰሊጥ ያነሱ ነበሩ። ሀሴት ትንፋሿን ውጣ ቆጠረቻቸው፤ ከዚያ ለዘሀራ በምስል ደወለችላትና ስልኩን ቅጠሉ ሥር አስገባችው። ከስልኩ ውስጥ ረጅም እልልታ ወጣ።

"አሁን ምን ላድርግ?" አለች ሀሴት።

"ምንም። ዝም ብሎ ማየት ነው። ይችላሉ?"

"ሠላሳ አንድ ዓመት ስነዳ ኖሬ?"

"እሱ ነው የሚከብድዎት" አለች ዘሀራ።

እውነትም ከበዳት። ጥቁርና ቢጫ ዥንጉርጉር ትሎች ከእንቁላሉ ወጥተው ቅጠል መብላት ሲጀምሩ፣ እጇ ሁልጊዜ አንዱን ከዚህ ወደዚያ ሊያዛውር ይቃጣዋል። ከጀሪካኑ ላይ ሳትነሳ እጇን ብብቷ ውስጥ ትወሽቃለች።

ከአጥሩ ማዶ የሚኖረው ኢዮስያስ ነበር። ዕድሜው ስድሳ ስምንት፣ የቀጠናው የአትክልት ተቆጣጣሪ፤ በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ በሩ ላይ ቀይ መብራት አንድም ቀን አልበራም። አንድ ማክሰኞ ጠዋት መሰላል አቁሞ የአጥሩን አናት ሲያጸዳ አዲስ ቅጠል ተንጠልጥሎ አገኘ። ቅጠሉን ገለጥ ሲያደርገው የተበላ ነው። ከሥሩ ትል አለ። ከመሰላሉ ሳይወርድ ስልኩን አውጥቶ የተባይ ጥቆማውን ቁልፍ ተጫነ፤ ወርዶም የሀሴትን በር አንኳኳ።

"ወይዘሮ ሀሴት፣ ግቢዎ ውስጥ ተምች አለ።"

"ተምች አይደለም፣ ጋሽ ኢዮስያስ። የቢራቢሮ ልጆች ናቸው።"

"የማንም ልጆች ይሁኑ፣ ይበላሉ!"

ሀሴት መጀመሪያ ቁጣ መሰላት፤ ፊቱን ስታይ ግን ፍርሃት መሆኑ ገባት። ወንበር አመጣችለት፣ ውሃ ሰጠችው። ኢዮስያስ ግማሹን ጠጥቶ ብርጭቆውን እንደያዘ ተናገረ።

"ስድስት ዓመቴ ነበር። ከሰኮሩ ከተማ ወጣ ብሎ በቆሎ ነበረን። ተምች የገባ ዓመት አባቴ፣ እናቴ፣ እኛ ልጆቹ ሁላችን በእጃችን ስንለቅም እንውላለን። አንድ ስንለቅም አስር ነው። ሲበሉ ድምፃቸው ይሰማል፣ ወይዘሮ ሀሴት። ማሳው ውስጥ ቆመህ ዝናብ የሚዘንብ ይመስልሃል፤ ቀና ስትል ሰማዩ ንጹሕ ነው። በዚያው ዓመት ለቀን ከተማ ገባን። እናቴ እስክትሞት ድረስ በቆሎ ከእጇ አልገባም።"

ሀሴት ተሳስተዋል ብትለው ስድብ ይሆናል። ወደ ሐረጉ አየት አደረገችና፣

"እንግዲያው ራስዎ ይፈትኗቸው" አለችው። "የሚሳሱለትን ቅጠል ሁሉ ይዘው ይምጡ።"

ኢዮስያስ ቤቱ ሄዶ ተመለሰ። ያመጣው ከነቅጠሉ የተገዛ የበቆሎ እሸት፣ ጎመን፣ ሣር፣ ሐምራዊ ቅጠልና ከጽጌረዳው አንድ ዘለላ ነው። ሰፊ ትሪ ላይ ደረደሩትና ሦስት ትሎች መሐሉ ላይ አኖሩ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ነበር። ሁለቱ ግራና ቀኝ ተቀመጡ።

ትሎቹ በበቆሎው ላይ ወጡ። ራሳቸውን ቀና አድርገው ወዲያ ወዲህ አወዛወዙና ወረዱ። ጎመኑን አለፉት። አንደኛው ጽጌረዳው ላይ ወጥቶ ብዙ ቆየ፤ ኢዮስያስም አጎንብሶ ጆሮውን ደገነ። ምንም ድምፅ የለም። ትሉ ወርዶ የትሪው ጠርዝ ላይ ሄዶ ቆመ። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ምሳ እዚያው በሉ። ስምንት ሰዓት ሆነ። ቅጠሎቹ ጠወለጉ እንጂ አንድም ጥርስ አልነካቸውም። ሦስቱም ትሎች ጠርዙን ይዘው ወደ ሐረጉ አቅጣጫ ተኮልኩለዋል።

"ይርባቸዋል እኮ" አለ ኢዮስያስ።

ሀሴት አጎንብሳ ትሎቹን አየች።

"በቃ ይመልሷቸው" አለ ደግሞ፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። "ሊሞቱብን ነው!"

ሀሴት 'ሊሞቱብን' ማለቱን ሰምታለች። ትሪውን ሰጠችው፤ እሱ ራሱ አንድ በአንድ በቅጠል እያነሳ ወደ ሐረጉ መለሳቸው። ወዲያው መብላት ጀመሩ።

ችግሩ ጥቆማው ነበር። ኢዮስያስ ጥቆማዬን ትቻለሁ ብሎ ሦስት ጊዜ ጻፈ። ሦስት ጊዜም "ጥቆማዎ ተመዝግቧል፤ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን" የሚል መልስ መጣለት። ጥቆማ የማንሻ ቁልፍ የሚባል ነገር አልተሠራም። ረጪው ከጥቆማው በስምንተኛው ቀን ጠዋት እንደሚመጣ ማስታወቂያ ደረሰ። ረጪ የሚባለው ጎማ ያለው፣ ሰው የማይነዳው መኪና ነው፤ በር በራሱ ይከፍታል፣ ግቢውን የተባይ መድኃኒት ረጭቶ በሩን በራሱ ዘግቶ ይሄዳል።

በአምስተኛው ቀን ትሎቹ መብላት አቆሙ። አንድ በአንድ ወደ ቅጠሎቹ ሥር ሄደው ተዘቅዝቀው ተንጠለጠሉና ቆዳቸውን ገፈው እንደ ወርቅ ጉትቻ የሚያብለጨልጭ ቅርፊት ሆኑ። ሀሴት አሁንም ለዘሀራ ደወለች።

"ቢራቢሮ ሆነው እስኪወጡ ሁለት ሳምንት ይፈልጋሉ" አለች ዘሀራ። "ከዚያ በፊት ከተነቀሉ አይተርፉም።"

ኢዮስያስ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በሙሉ ጠፋ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ። የአትክልት ደንቡን መቶ አስራ ሁለት ገጽ ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው በጅማ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

"አንቀጽ አርባ ሦስት" አለ። "አራስ ያለበት ወይም ልደት የሚጠበቅበት ግቢ ለሃያ ቀን አይረጭም። ቅጽ መሙላት ብቻ ነው።"

"እዚህ ማን ይወልዳል? እኔ?"

"ቅጹን እንየው እስቲ።"

ጀሪካኑና ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ቅጹን ከፈቱ።

"የእናት ስም ይላል" አለ ኢዮስያስ።

"ጥላቸው ሄዳለች። ስሟን ማን ያውቃል?"

"'ያልታወቀ' የሚል ምርጫ አለው። የአባት ስም... ይኼም አለው። የሚወለዱበት ቀን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ። የሚጠበቁ ልደቶች ብዛት?"

ሀሴት ተነሥታ ከቅጠሎቹ ሥር ቆጠረች። "አስራ ዘጠኝ። አንድ ብንልስ? ብዙ እንዳይመስል።"

"አይሆንም!" አለ ኢዮስያስ ተቆጥቶ። "ሐሰተኛ ቁጥር መስጠት አንቀጽ ዘጠኝ ነው። አስራ ዘጠኝ ከሆኑ አስራ ዘጠኝ ነው የምንጽፈው።"

ጻፉ። መልሱ ወዲያው መጣ፦ "እንኳን ደስ ያለዎት። የርጭት ቀጠሮዎ ለሃያ ቀን ተራዝሟል።" ሁለቱም ስልኩን አዩ፣ ተያዩ፣ ሳቁ። ሀሴት ኢዮስያስ ሲስቅ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ከፊት ጥርሶቹ መሐል ክፍተት አለ።

አስራ ሦስት ቀን አለፈ። በአስራ አራተኛው ቀን፣ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አምቡላንስ ድምፁን እያሰማ ቀጠና ስድስት ገባና ሀሴት በር ላይ ቆመ። ሁለት አዋላጅ ነርሶች ተንጋግተው ወረዱ፤ በአራት ካርቶን የሕፃን ብርድ ልብስ አወረዱ። ከኋላቸው ትርንጎ የምትባል የልደት መዝገብ ሠራተኛ ሰሌዳዋን እቅፍ አድርጋ ወረደች። ዕድሜዋ ሃያ አምስት ቢሆን ነው፤ በዚያ ዘመን ያሮጌው ጊዜ ስሞች ለወጣቶች ተመልሰው ነበር። መንገደኛውም ጎረቤቱም ከአምቡላንሱ ኋላ ተሰበሰበ።

"እናትየዋ የት ናት?" አለች ትልቋ አዋላጅ እያለከለከች። "አስራ ዘጠኝ የሚል ነው የደረሰን። እየተነጋገርንበት ነው ያደርነው፤ ስሕተት ነው ብለን ነበር!"

"ስሕተት አይደለም" አለ ኢዮስያስ ኮስተር ብሎ። "እኔ ነኝ የሞላሁት።"

ሀሴት ወደ ሮቶው ጀርባ መራቻቸው። ትርንጎ ሐረጉን አየች፣ የተበሉትን ቅጠሎች አየች፣ የተንጠለጠሉትን ቅርፊቶች አየች። ፊቷ ቀላ።

"እማማ፣ ይኼ ቀልድ ነው? አምቡላንስ ነው እኮ ያስመጣችሁት!"

"አምቡላንስ እንደሚመጣ አላወቅንም፣ ልጄ። ለሱ ይቅርታ አድርጊልን። ቀልድ ግን አይደለም። ነይ፣ ጠጋ በይ።"

ከቅርፊቶቹ አንዱ ጠቁሮ ብርጭቆ መስሎ ነበር፤ ውስጡ የታጠፈ ክንፍ ይታያል። ትርንጎ ልትናገር አፏን እንደከፈተች ቅርፊቱ ተሰነጠቀ። ቀጭን እግር ወጣ፣ ከዚያ ራስ፣ ከዚያ የተጨማደደ እርጥብ ነገር ግማሹ ወጥቶ ቆመ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሕፃን ስትቀበል የኖረችው አዋላጅ እጇ ሳታዘው ተዘረጋ። ሀሴት አንጓዋን ያዘቻት።

"አትርጂያት። ራሷ ትውጣ።"

"ልትጨነቅ ነው እኮ!"

"አውቃለሁ። እኔንም ይበላኛል እጄን። ግን ከረዳሻት ክንፏ አይጠናም።"

አዋላጇ እጇን መለሰች። ከበር የተሰበሰበው ሰው አንድ በአንድ ገብቶ ከኋላቸው ቆሟል፤ አንዲት እናት ልጇን ትከሻዋ ላይ አውጥታለች። ቢራቢሮዋ ወጣች፣ ቅርፊቷ ላይ ተንጠለጠለች፣ ክንፎቿ ቀስ በቀስ ተዘረጉ። ትልቋ አዋላጅ ከልማድ የተነሣ እልል አለች። ግቢው በሙሉ ተቀበላት። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ዘጠኝ ወጡ፤ ከሰዎቹ መሐል ወደ ቤቱ የሄደ የለም፤ አምቡላንሱም ሌላ ጥሪ እስኪመጣለት ድረስ እዚያው ቆመ።

ትርንጎ ጀሪካኑ ላይ ተቀምጣ ቅጹን መላልሳ አነበበች።

"ሰው ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ቦታ የለውም" አለች በመጨረሻ።

"የለውም" አለ ኢዮስያስ። "አይቼዋለሁ።"

"እንግዲህ የእኔ ሥራ የተወለደውን መቁጠር ነው። ሁሉም እስኪያበቃ ድረስ መዝገቡን ክፍት እተወዋለሁ። ዕለት ዕለት እደውላለሁ።" ብርድ ልብሶቹን ግን ይዛ ሄደች፤ ፈርማ ነው የወሰደቻቸው።

በማግስቱ አምስት ወጡ፣ በሦስተኛው ቀን ሁለት። ሁለት ቅርፊቶች ደርቀው ቀሩ፤ ኢዮስያስ ቀኑን ሙሉ እየተመላለሰ ሲያያቸው ዋለና አመሻሹ ላይ ተስፋ ቆረጠ። አንድ ቀረ። እሱም በአራተኛው ቀን ጠዋት ተሰነጠቀ፣ ዝናብ እየወረደ። ያለ ጊዜው የመጣ የጥቅምት ዝናብ ነበር፤ ቅጠሉን እየደበደበ ከነቢራቢሮው ያወዛውዘዋል። ሀሴት በመስኮት አይታ ነጠላዋን ደርባ ስትሮጥ፣ ኢዮስያስ ጥቁር ጃንጥላውን ዘርግቶ ከሐረጉ ሥር ቆሞ አገኘችው። ጃንጥላው ለቅጠሉ ነው፤ እሱ ራሱ ከትከሻው በታች በስብሷል።

"ወንበር ላምጣልዎት?"

"አይሆንም፣ ቁመቱ አይበቃም።"

"እንግዲያው ተራ እንግባ።"

"ክንዴ ሲዝል እነግርዎታለሁ።"

ቢዝልም አልነገራት። ሁለት ሰዓት ያህል ቆመ። ሀሴት ጋቢ አምጥታ ጀርባው ላይ ጣለችለትና ከጎኑ ቆማ ቅጠሉ እንዳይወዛወዝ ግንዱን ያዘች። የቢራቢሮው አንዱ ክንፍ ቶሎ ተዘረጋ፤ ሌላው ጫፉ ላይ ተጨማድዶ ቆየ። ሁለቱም ዐይናቸውን ከክንፉ አላነሱም። አምስት ሰዓት አለፍ ሲል ዝናቡ አባራ። ፀሐይ በሮቶው በኩል ገባች። በዚህ መሐል የሀሴት ስልክ ጮኸ፤ ትርንጎ ናት።

"እማማ፣ ዛሬስ ስንት ልበል?"

"ቆይ፣ ልጄ። ስልኩን እንዳትዘጊው።"

የተጨማደደው ጫፍ ተፈታ። ቢራቢሮው ክንፉን ሁለት ጊዜ ከፍቶ ዘጋና ቅጠሉን ለቀቀ። መጀመሪያ ወደ ታች ወረደ፤ ኢዮስያስ "አይ!" አለ። ከዚያ ተነሣ፤ አጥሩን አለፈ፣ የኢዮስያስን ጣሪያ አለፈ፣ ወደ በለጠ ጫካ በኩል ሄደ።

"አስራ ሰባት ብለሽ ጻፊ" አለች ሀሴት። "ሁለቱን አልተሳካም በይ። እንደሆነው ጻፊው።"

"ጻፍኩ። ሌላ የሚጠበቅ አለ? ከሌለ መዝገቡ ይዘጋል፤ ረጪውም ሰኞ ይመጣል። ካለ ግን ቀጠሮው በራሱ ይራዘማል።"

ሀሴት ሐረጉን ገለጥ አደረገች። አዲስ በወጡት ለጋ ቅጠሎች ሥር፣ ከሰሊጥ ያነሱ ነጫጭ ነገሮች ተለጥፈዋል። ከቀደሙት አንዷ ሳታያት ተመልሳ መጥታ ኖሯል።

"አለ" አለች። "ብዛቱን ግን ገና አልቆጠርኩም።"

"ቆጥረው ይንገሩኝ" አለች ትርንጎ፤ ከድምፅዋ መሳቋ ይታወቃል።

ኢዮስያስ ጃንጥላውን አጥፎ ውሃውን አራገፈ። ክንዱን እያሻሸ ወደ አጥሩ አየ፤ ከአጥሩ ማዶ ሣሩ፣ ሐምራዊው ቅጠልና ጽጌረዳው በሥርዓት ተደርድረው ቆመዋል።

"ሀሴት" አለ፣ 'ወይዘሮ'ውን ትቶ። "ከዚህ ሐረግ ለእኔ ትቆርጪልኛለሽ? ሁለት ቁራጭ ብቻ። በሩ ቀይ ቢያበራም ደስ እንዳለው ይበል።"

"ሦስት ውሰድ" አለችው። "አንዱ መበስበሱ አይቀርም።" መቀስ ልታመጣም ወደ ቤት ገባች።